አርባ አንዱን ማን ጻፈው?

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ራሳቸው የተመለጠው ቀስ በቀስ ነው፤ አፋቸው ያመለጠው ግን በቦርዱ ስብሰባ ላይ፣ ድምፃቸውን ሞላ አድርገው ሪፖርት ሲያነቡ ነው። «በሰዓታቸው የወጡ አውቶቡሶች አርባ አንድ በመቶ!» አሉ። ያስጻፉት ዘጠና ሰባት ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩአቸው ነው የነቁት። «የጽሕፈት ስህተት ነው» ብለው ላብ በላብ ሆኑ። ሰብሳቢዋም ነገሩ ተጣርቶ ሐሙስ እንዲቀርብ አዘዙ።

ወዲያው የኔትወርክ ባለሙያው ተጠራ። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ኬብል ይለዋል።

«የጋራ ፎልደሩ ውስጥ ገብቶ ሪፖርቴን የነካው ማነው?»

«ጌታዬ፣ ፋይል ማን እንደነካ የሚመዘግበው መከታተያ ስላልተከፈተ ያለፈውን ማወቅ አይቻልም። እንዲከፈት አምና ጠይቄ ነበር...»

«ክፈተዋ! ሐሙስ ቦርዱ ፊት ጥፋተኛውን ካልነገርከኝ፣ የምትሰናበተው አንተ ነህ።»

ኬብል መከታተያውን ከፈተ፤ ቁጥሩንም ወደ ዘጠና ሰባት መልሶ አድፍጦ ጠበቀ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቁጥሩ ተመልሶ አርባ አንድ ሆነ። ደስ እያለው መዝገቡን ከፈተና ክው አለ። ፋይሉን የለወጠው ተጠቃሚ ሥራ አስኪያጁ፣ ኮምፒውተሩም የቢሯቸው ኮምፒውተር ነበር።

እኚህ ሰውዬ ከቢሮ አይጠፉም። ማለቴ ኮታቸው አይጠፋም። ጠዋት ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታሉ፣ ከዚያ የሚያሠሩት ቤት ጋ ሄደው ከግንበኞች ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ስክሪኑ ራሱን እንዳይቆልፍ ያስደረጉትም ራሳቸው ናቸው። የሚፈልጋቸው ሰው ሲመጣ ጸሐፊዋ «አሉ፣ ወጣ ብለው ነው» ትላለች። ድፍን ድርጅቱ ይህን ያውቃል፤ የማያውቀው ቦርዱ ብቻ ነው።

በዚያ ወንበር ማን እንደሚቀመጥ ኬብል አላጣውም። የሥምሪት ኃላፊዋ ናት፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ። የእሷ ኮምፒውተር ከተበላሸ ቆይቷል። የጥገና ጥያቄዋ ፊርማ እየጠበቀ እዚያው የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ ሥራዋን የምትሠራው በሳቸው ኮምፒውተር ነው። ኬብል እየሮጠ ግቢው ውስጥ አገኛት።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ! በየጠዋቱ ሕዝቡ ብርድ ላይ ቆሞ የሚሰድበው እኔን ነው። ዘጠና ሰባት ሲባል ዝም ልበል?»

«እኔ እኮ ከሥራ ልባረር ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «እንግዲያው ስሜን ንገራቸው። አንተ ልጆች አሉህ።»

ኬብል እሷን አሳልፎ ከሚሰጥ ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል፤ ልጆቹ ግን ምን ይብሉ? ለሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ብቻ አሳይቶ ነገሩን እንዲተዉት ሊለምናቸው ቆረጠና ቢሯቸው ተመላለሰ። ማክሰኞም ረቡዕም የጠበቀው ኮቱ ነው። «አሉ፣ ወጣ ብለው ነው።»

ሐሙስ ቦርዱ ተሰበሰበ። «በል፣ ጥፋተኛውን ለሁሉም ንገር!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ደረታቸውን ነፍተው።

ኬብል ካየው ላይ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ተናገረ። «መዝገቡ የሚለው እርስዎ ነዎት ነው፣ ጌታዬ። በስምዎ፣ ከቢሮዎ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ።»

«ቅጥፈት! እኔ ማክሰኞ ረፋድ...» ብለው ዋጡት።

«ማክሰኞ ረፋድ ምን?» አሉ ሰብሳቢዋ። «ቢሮ አልነበሩም?»

«ኧረ ነበርኩ! እኔ መቼ ከቢሮ ወጥቼ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ማን ለወጠው?»

ሥራ አስኪያጁ ኬብልን አዩት፣ ጣሪያውን አዩ። አልነበርኩም ቢሉ የወር ደመወዛቸው ይጠየቃል። ነበርኩ ካሉ ደግሞ አርባ አንድ ብለው እውነቱን የጻፉት እሳቸው ሊሆኑ ነው፤ እሱ ከሁሉ የቀለለ ውርደት መሰላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ አንገታቸውን ሰብረው። «ዘጠና ሰባት ውሸት ነበር። ሕሊናዬ እምቢ አለኝ።»

አንድ የቦርድ አባል አጨበጨበ። ኬብል ትንፋሹ ተመለሰለት፤ ጥፋተኛ ተገኝቷል፣ እህቱም አልተነሳች። ሰብሳቢዋ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

«እውነቱን የደፈረ ሰው ነው የሚያቃናው። ከነገ ጀምሮ ንጋት ላይ ግቢ ተገኝተው አውቶቡሶቹን በሰዓታቸው የሚያስወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኔም ብቅ እያልኩ አያለሁ።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሥራ አስኪያጁ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ከሥምሪት ኃላፊዋ ጎን ቆሙ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አልነሳ ብሏል፤ ሰልፈኛው ስድቡን ጀምሯል።

«ምን ልበላቸው?» አሉ በሹክሹክታ።

«እውነቱን ይንገሯቸዋ» አለች እህትየው። «እርስዎ ያውቁበታል አሉ።»