አጎትየው ሳይቀመጡ

"ያዙኝ! ያዙኝ እንጂ፣ ምን ታፈጣላችሁ!"

ቺንሽዌይ የሩዙን ድስት ብድግ ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ ወገቡ ቀጭ አለና እዚያው ቀረ። ሁለት አሳላፊዎች ብብቱን ይዘው ከምድጃዎቹ ጀርባ በተደረደረ የሩዝ ጆንያ ላይ አጋደሙት። ከድንኳኑ ባሻገር፣ በመቅደሱ ግቢ፣ ሠርገኛው ሠላሳ ሁለት ጠረጴዛ ከቦ ለውዝ እየፈለፈለ ምሳውን ይጠብቃል።

በሁዌይ ከተማና በአካባቢዋ የድንኳን ድግስ ማለት ቺንሽዌይ ነው፤ ቺንሽዌይ ማለት ደግሞ ጩኸት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ወጥ ቤቱን ያንቀሳቀሰው በጉሮሮው ነው። አሁን ግን "ዓሣው!" ብሎ ሊያምባርቅ ሲል ሕመሙ ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ሰቅስቆ አፉን ዘጋው። ላብ አጠመቀው። ምግብ የያዘው ሁሉ ቆሞ እሱን ያያል።

"ሐኪም ቤት እንውሰድህ አባዬ" አለች ልጁ ፔይሻን።

"ምግቡ ሳይወጣ? መጀመሪያ ግደይኝና ከዚያ ውሰጂኝ!"

ፔይሻን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ የመጣችው ሰሃን ልታመላልስ ብቻ ነበር። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀው ቺንሽዌይ ወሬ ይቀይራል። ከተማሪነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ መልካቸውን የማታውቃቸውን አርባ ሰዎች እየመራች በኮምፒውተር ጌም ዘንዶ ስትገድል ያደገች ናት። "ይኼን ሁሉ ዘንዶ ገድለሽ እስቲ አንድ ኪሎ ሥጋ አምጪልኝ" እያለ ያሾፍባታል። አንዴማ ብሽቅ ብሎ የኢንተርኔቱን ገመድ በዓሣ ቢላ በጥሶታል።

ፔይሻን ዙሪያዋን ቃኘች። አሳላፊዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የእንፋሎት ምድጃው ኃላፊ እትዬ አሉዋን፣ በየሠርጉ እንደ ልማዷ፣ ልታለቅስ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

"ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ" አለች። "በአንድ ጥሪ እንገናኛለን። ማዳመጫ ያለው ጆሮው ላይ፣ የሌለው ስልኩን ደረት ኪሱ ይክተት። ስጠራችሁ አጠር አድርጋችሁ መልሱ፤ ከዚያ ዝም።"

"ጨዋታ መሰለሽ እንዴ?" አለ አባቷ ከጆንያው ላይ።

"ቁርጥ እሱን ነው። እትዬ አሉዋን፣ ሩዙ ስንት ደቂቃ ቀረው?"

"እ... ስምንት።"

"ጎበዝ። ዓሣው?"

"ልጥደው ነው።"

ይህን ሲባባሉ፣ ጥሪው ውስጥ ገብቶ አሳላፊዎቹን ይዞ ወደ ግቢው የወጣው የአለቃቸው የዠንሃው ድምፅ ከስልኮቹ ሁሉ ተሰማ። "አጎትየው ተቀምጠዋል! ቀዝቃዛውን የመክፈቻ ሰሃን ይዘን ወጥተናል!"

ቺንሽዌይ ግን፣ ዠንሃው አጎትየውን በመልክ መች ያውቃቸዋል ብሎ ደነገጠ። በዚህ አገር በሰማይ አምላክ፣ በምድር የእናት ወንድም ነው። የሙሽራው እናት ወንድም በዋናው ጠረጴዛ ሳይቀመጡ አንድ ሰሃን ከቀረበ፣ ጠረጴዛ ገልብጠው ቢሄዱ ማንም አይፈርድባቸውም። ወጥ ሠሪውን ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለሠርግ የሚጠራው የለም። እንዲህ ያጠፋ አንድ ባልንጀራው ዛሬ አውቶቡስ ተራ ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ እየጠበሰ ነው የሚኖረው።

"ጠይቂው!" አለ በሲቃ። "ምን ዓይነት ሰው ናቸው በዪው!"

"ደረታቸው ላይ ቀይ አበባ ያደረጉ፣ ጸጉራቸው ሽበት የሆነ..." አለ ዠንሃው።

"እሱ የቀበሌው ሹም ነው፣ አንተ ዕውር! አጎትየው ራሰ በራ ናቸው!" ወገቡን እንደገና ወጋውና "ዋይ!" ብሎ ተንጋለለ።

ፔይሻን ድምጿን እንኳ አላነሳችም። "ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ።"

ሰሃን በትከሻቸው የተሸከሙት አሳላፊዎች ሁሉ በጠረጴዛዎቹ መሃል ቀጥ አሉ።

"ሰሃን ያሳረፈ አለ?"

"የለም" አለ አንዱ። "እኔ ግን ለጥቂት ነው።"

"ደግ። አሁን ፈገግ በሉ፣ ሰሃኑን ከፍ አድርጋችሁ ለሕዝቡ አሳዩ፣ ግቢውን አንዴ ዙሩና ተመለሱ። ትርዒት ነው።"

ሠርገኛው አዲስ ነገር መስሎት አጨበጨበ። ዠንሃው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ስደቢኝ።"

"በሩ ላይ ቁምልኝ። ከአሁን በኋላ ዓይናችን አንተ ነህ" አለችው። እየሮጠ ሄደ።

"በእኔ ቤት ያጠፋ ይሰደባል!" አለ ቺንሽዌይ።

"እኔም እሳደብ ነበር። አንዱ ዘንዶ ሦስት ወር አንገላታን። የሰደብኩት ሁሉ ጥሎኝ እየሄደ ብቻዬን ልቀር ስል ስድቡን ተውኩ፤ ከዚያ ነው ዘንዶው የሞተው። ይልቅ ንገረኝ፣ ዓሣው ተጥዶ ሰውየው ቢዘገዩስ?"

"አለቀለት። ዓሣ ማንንም አይጠብቅም።"

"ሩዙስ?"

"ሩዝ ቻይ ነው።"

"ሰማሽ፣ እትዬ አሉዋን? ዓሣው አይጣድ። ሩዙን ክዳኑን እንደከደንሽ አቆዪው።"

ጠበቁ። ከግቢው "ምነው፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?" የሚል ተረብ ተሰማ፤ ፔይሻን ለየጠረጴዛው ለውዝ አስጨመረች። ቺንሽዌይ የድንኳኑ ጣሪያ ላይ አፍጥጧል። ቢጮህ ይቀለው ነበር።

"ጥቁር መኪና!" አለ ዠንሃው በስልኩ። "ራሰ በራ! ወረዱ... ሙሽራው እየሰገደላቸው ነው... ቆዩ... ቆዩ... ተቀመጡ! እኔው ራሴ ሄጄ ስማቸውን ጠይቄአለሁ!"

"ውጡ" አለች ፔይሻን። "ዓሣው ይጣድ።"

ርችቱ ተንጣጣ። ቺንሽዌይ ጆሮውን አቀና። ሠላሳ ሁለቱ ሰሃን ባንድ ትንፋሽ አረፈ። ከዚያ ሩዙ፣ ከዚያ ዓሣው፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ ተከታትሎ ወጣ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቢላዋና የእሳት ድምፅ ብቻ ነው። እትዬ አሉዋን አላለቀሰችም፤ እንዲያውም ታንጎራጉራለች። ይህች ሴት ዘፈን እንደምታውቅ ቺንሽዌይ እስከ ዛሬ አልሰማም ነበር። ቀናም፣ ኮራም። የትኛው እንደባሰበት እሱም አላወቀውም።

በምሳው መሃል አንድ ዘመድ ብቅ አለ። "አጎትየው ዋናው ወጥ ሠሪ ይምጣና ጽዋ እናንሳለት ብለዋል።"

ይህ ክብር ነው፣ ወጥ ሠሪ የሚኖረው ለዚህ ነው። ሁለቱ አሳላፊዎች ሊያነሱት ጎንበስ አሉ።

"ተዉኝ" አለና ሽርጡን ከወገቡ ፈትቶ ለልጁ ወረወረላት። "እሷ ትሂድ።"

"አባዬ፣ እኔ እንቁላል እንኳ አልጠበስኩም እኮ።"

"እኔስ ተኝቼ አይደል የዋልኩት? ሂጂ!"

ፔይሻን ሽርጡን አሰረች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆም ብላ ወደ ስልኳ፣ "ሁላችሁም ኑ፤ እኛ ጋ አንድ ሰው ብቻውን ጽዋ አያነሳም" አለች። እትዬ አሉዋን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጠች። የመጨረሻው ሾርባ ግን ገና ምድጃው ላይ ነው፤ ጠባቂ የለውም። ፔይሻን ተመለሰችና የአባቷን ስልክ ከጥሪው ጋር አገናኝታ ደረቱ ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

ቺንሽዌይ ተንጋሎ በዐይኑ ጥግ ድስቱን ይጠብቅ ጀመር። ከግቢው የብርጭቆ ግጭትና ሳቅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ በፔይሻን ድምፅ ተናገረ።

"ሾርባው?"

እንደ ልማዱ ሊጮህ አፉን ከፈተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሁለት ደቂቃ ቀረው፣ አለቃ" አለ።