የዲያቆን ሩፎስ የጓሮ መስኮት

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በምርጫ ቀን የቤተ ክርስቲያናችንን አዛውንቶች እየሰበሰብኩ ወደ ድምፅ መስጫው የማደርሰው እኔ ሉቬኒያ ነኝ። ማን ምርኩዝ እንደሚይዝ፣ ማን የስኳር መድኃኒቱን ሳይውጥ ከቤት እንደማይወጣ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ አብጠርጥሬ አውቃለሁ።

ከዚያ ጆዲ መጣች። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ከኛ ከጥቁሮቹ ጋር አብሮ ሊጸልይና አብሮ ሊሠራ ቃል ገባ ተባለና፣ ፓስተር ግሪር፣ ያ በልጅነቱ አፍንጫውን የጠረግኩለት ሰውዬ፣ ከነሱ የመጣችውን ጆዲን እሑድ መድረክ ላይ አቆማት። የዚህች አገር ሸክም የሁላችንም ነው አለ። እሷም አያቶቻችን ምን እንዳደረጉባችሁ አውቃለሁ ብላ አለቀሰች። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ግር ብለው ተነስተው አቀፏት። እኔን በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ማን አቀፈኝ? "ሉቬኒያ፣ መኪናው የታለ?" ነው የሚሉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ፓስተሩ ጠርቶኝ ዘንድሮ የሰሜኑን ሰፈር ለጆዲ አስረክቢ አለኝ። እሷ ሰፊ መኪና አላት፣ አንቺም ደክሞሻል አለ። ደክሞሻል! ማን ነገረው? ጥርሴን ነክሼ ስምና አድራሻውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋት።

"እህት ሉቬኒያ፣ ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"ሁሉም እዚያው ላይ አለልሽ፣ የኔ እመቤት" አልኳት።

ሁሉም አልነበረም። ዲያቆን ሩፎስ የዘጠና ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ለመራጭነት ተመዝግበው በተመለሱ ማግሥት ጥቁር አይመርጥም የሚሉ ነጮች በፊት ለፊት በራቸው ተኩሰውባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያንን በር በሚስማር ቸንክረውታል። ጆሯቸው ከደከመም ቆይቷል፣ ስልክም አያነሱም። እሳቸውን የሚፈልግ ሰው በጓሮ ዞሮ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ፊቱን ማሳየት አለበት። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ጆዲ ግን አታውቅም። ይጥፋባትና ትደውልልኝ፣ ያኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለች አልኩ በሆዴ።

አልደወለችም። ማክሰኞ፣ የምርጫው ዕለት፣ አመሻሽ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስገባ ከእናቶቹ ጋር የተጠበሰ ዶሮ እየበላች ትስቃለች። እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣ! ሁሉንም አደረስሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዲያቆን ሩፎስ ብቻ ቤታቸው አልነበሩም፣ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ የፊቱን በር ብደበድብ መልስ የለም፣ ልጆቻቸው ወስደዋቸው ይሆናል አለች። የምርጫ ጣቢያው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

በረርኩ። ዲያቆን ሩፎስ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ነበሩ። በመስኮቱ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ልጄ፣ አሞሽ የቀረሽ መስሎኝ ስጸልይልሽ ዋልኩ" አሉኝ።

ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ስንደርስ የጣቢያው በር ተቆልፏል። ከተተኮሰባቸው ጊዜ ጀምሮ አንድም ምርጫ አምልጧቸው አያውቅም ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ወንበር የሚያነሳሱትን ሠራተኞች ትንሽ አዩና ወደ ቤት መልሺኝ አሉኝ።

እሑድ ጆዲ ተነስታ ማይኩን ያዘች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በደንብ መፈለግ ነበረብኝ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናቶቹ እንደገና ተነስተው አቀፏት። ዲያቆን ሩፎስ ራሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጫኑ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ በዚህም ቀናሁ። ለኔ የሚገባውን ይቅርታ እሷ ስትቀበል እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ።

"ጆዲ፣ ቁጭ በይ" አልኩ ቆሜ። "በጓሮ መዞር እንዳለብሽ አውቅ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

በኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ቆሞ ሲናገር ከአንዱ ወንበር "አሜን" ሳይባል አይቀርም። ያን ቀን አንድም ሰው አላለም። ዲያቆን ሩፎስ ምን አለች ብለው አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁት። ሰውየው እየጮኸ ነገራቸው። አልሰሙትምና ደግሞ ጮኸላቸው።