ከመስመሩ የወጣችው ነጥብ

አባባ ሰው ሲያሙ እንኳ በሙያቸው ነበር የሚያሙት። አንዱን «ገና ሳይሞቀው የሚቀልጥ» ይሉታል፤ ሌላውን «እሳት ላይ ብታስቀምጪው ፍንክች የማይል»። መድኃኒት የሚሠሩ ኬሚስት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንዲት ክፍል ኖሩ ብል ብዙ አልዋሸሁም። ከመድኃኒት ፋብሪካው ማሸጊያ ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ እስከ ግማሽ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቧንቧዋ ሌት ተቀን የሚንጠባጠብ ላቦራቶሪ ነበረች። ዛሬ ባዶ ካርቶን ይከመርባታል አሉ። ሄደሽ እያት የሚሉኝ አሉ፤ ምን ቆርጦኝ። እኔ የማውቃት ሌላ ናት።

እናታችን ገና በልጅነታችን ስላረፈች፣ ትምህርት በማይኖርበት ቀን አባባ እኔንና ታላቅ ወንድሜን እዚያው ይዘውን ይገባሉ። ሁለት ረጃጅም በርጩማ ላይ ይሰቅሉንና ሕጉን ይነግሩናል፤ ምንም አትንኩ፣ የነካችሁበትን እጅ አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ፣ አፋችሁንም ዝጉ። የመጨረሻው ለእኔ ብቻ የወጣ ሕግ ነበር። ውሃው ሲፈላ ቀለም ያልነካው የመስኮቱ ግማሽ በእንፋሎት ይሸፈናል። አባባ በጣታቸው ነጥብና መስመር ይስሉበታል። «ይቺ የትኩሳት መድኃኒት ናት። ነጥቡ ሁሉ አቶም ነው፤ መስመሩ ደግሞ አቶሞቹ የተያያዙበት ነው» ይሉናል። ለእኔ እግሯ የተሰበረ ሸረሪት ነበር የምትመስለኝ። ወንድሜ ግን ይቆጥራል። ከዚህች ነጥብ እዚያች ለመድረስ ስንት መስመር ነው፣ ከዚያችስ ወዲህ ስንት ነው፣ ውሃው ወደ ታች እየወረደ ሥዕሉን እስኪያጠፋው ድረስ ይቆጥራል። አባባ «ቆጣሪው» የሚል ስም አወጡለት፤ እንደ መብራት ቆጣሪ ማለታቸው ነው። ያ የእርጥብ መስታወትና የጎማ ሽታ፣ ከአባባ ሹራብ ጋር ተደባልቆ፣ ዛሬም አንዳንዴ አፍንጫዬ ላይ ይመጣና ሆዴን ያባባዋል።

ቆጣሪው የአባባን ቦታ ይወርሳል ብሎ ያልገመተ ሰው አልነበረም። አባባማ ነጭ ጋውን በልኩ አሰፍተውለት ነበር። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባና ሒሳብ መረጠ። አባባ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «መልካም» አሉና ጋውኑን ከበሩ ጀርባ ሰቀሉት። በኋላ እኔ ትምህርቴን ስጨርስ እጅጌውን አሳጥሬ ለበስኩትና እዚያው ላቦራቶሪ ሥራ ገባሁ። አንድም ሰው «ትፈልጊያለሽ ወይ» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ይሁን፣ እኔ ደግሞ ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ሁለቱ ገበታ ላይ የሚነጋገሩት ጨው ለመቀባበል ብቻ ሆነ። መሃላቸው ተቀምጬ የማወራው እኔ ነበርኩ። አፍሽን ዝጊ የሚለኝም ጠፋ።

ታዲያ አንድ ቀን ቆጣሪው ምሳ ላይ ሳለን ጉሮሮውን ጠረገና፣ መድኃኒትን ሳይሠሩ ከሥዕሉ ብቻ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቀልጥ የሚገመትበትን መንገድ እያጠና መሆኑን ተናገረ። አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሳታበስል ልታበላን ነው በለኛ» አሉ።

«ማብሰሉንማ እናንተ ታበስላላችሁ፣ አባባ። እኔ የትኛው ድስት መጣድ እንዳለበት ልንገራችሁ ነው።»

ለእኔ ያስረዳኝ በሰፈር ነው። እያንዳንዱ አቶም ቤት ነው እንበል። ከእያንዳንዱ ቤት ወደ እያንዳንዱ ቤት ለመሄድ ስንት መንገድ እንደሚታለፍ ተቆጥሮ ሁሉም ይደመራል። ቤቶቹ ባንድ ረጅም መንገድ ዳር ከተደረደሩ ድምሩ ይበዛል፤ ተቃቅፈው ከተሠሩ ያንሳል። ድምሩ የሰፈሩን ቅርጽ ይናገራል፣ ቅርጹ ደግሞ ጠባዩን። ከዚያ መቅለጫቸው በእሳት ተፈትኖ የታወቀ መድኃኒቶችን ድምር እያሰሉ፣ ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ መሃላቸው መስመር ማስመር ነው። ገና ያልተሠራ መድኃኒት ሲመጣ ድምሩ ይሰላና መቅለጫው ከመስመሩ ላይ ይነበባል። ይኸው ነው።

አባባ «ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው» አሉ። ግን ገበታው ሳይነሳ ከኪሳቸው እስኪሪብቶ አውጥተው ወረቀት ጠየቁኝ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ነጥብና መስመር ሲስሉ እኔ ሳህን እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በደስታ አለቀስኩ። እንኳን አላዩኝ፤ ያሾፉብኝ ነበር።

ቆጣሪው ለሙከራ የመረጠው የትኩሳት መድኃኒቶችን ቤተሰብ ነው፤ አጽማቸው አንድ፣ ቅርንጫፋቸው የተለያየ ሃያ መድኃኒቶች። ከሃያዎቹ አንዷን አባባ ናቸው በወጣትነታቸው የፈጠሯት። ሆድ ስለምታቃጥል ክኒን ሆና ሳትወጣ ቀርታለች። ብቻ ኬሚስቶች በሚያገላብጡት ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ በአንዲት መስመር ሰፍራ ነበር፤ ስሟ፣ መቅለጫዋ መቶ አርባ ስምንት ዲግሪ፣ ከጎኗ የአባባ ስም። የአባባ ስም በዚህ ዓለም የታተመው እዚያች መስመር ላይ ብቻ ነው።

ቆጣሪው ሥራውን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ባቀረበ ጊዜ አባባ ጡረታ ወጥተዋል፣ ዓይናቸው ላይም ሞራ መጥቷል። ከረባት አስረው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል በራ፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ በላዩና በአጠገቡ ጥቁር ጥቁር ነጥብ፣ ከየነጥቡ ጎን ስም። ሰዉ በአድናቆት ተንሾካሾከ፤ ማማሩስ ያምር ነበር። አባባ ምንም ሳይታያቸው ፈገግ ብለው ወደ ግድግዳው ይመለከታሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የእኔ የትኛዋ ናት?»

ፈለግሁ። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ስሞቹን አነበብኩ። የለችም።

«ቆይ አባባ፣ ከፊቴ ሰው አለ» አልኩ።

«ከፊት ነው እኮ የተቀመጥነው።»

ስሞቹን ዳግመኛ አነበብኩ። በመጨረሻ «አላገኘኋትም» አልኳቸው። ፈገግታቸው እዚያው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። እስኪያልቅ ተቀመጡ፤ ሲያልቅም ከሰው እኩል አጨበጨቡ።

ቤት እንደገባን ከረባታቸውን ሳይፈቱ ጠየቁት።

«ለምንድነው ያወጣኸኝ?»

ቆጣሪው ቀለሙ ተለወጠ። «እርስዎን አላወጣሁም፣ አባባ። ነጥቧ ከመስመሩ ራቀችብኝ።»

«በስንት?»

«መስመሩ መቶ ሠላሳ አንድ ይላታል።»

«እኔ መቶ አርባ ስምንት ብያለሁ። እንግዲህ ወይ መስመርህ ዋሽቷል፣ ወይ እኔ።»

«እንደዚያ አላልኩም። ሰው ፊት ባሳያት፣ አባቱ ሲለካት ተሳስቷል ይላሉ ብዬ ነው። ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

«አላልክም፤ ዝም አልክ። ተሳስተሃል ብትለኝ እንከራከር ነበር። ደብቀህ ልታኖረኝ ፈለግህ፣ እንደ ጅል ልጅ» አሉና ተነስተው ክፍላቸው ገቡ።

ጨው መቀባበሉም ቀረ። ቆጣሪው ሲመጣ አባባ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሲሄድ ይድናሉ። ከዚያ ባንድ ጠዋት አሮጌ ጋውናቸውን በፌስታል ይዘው ላቦራቶሪዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የድሮ ላቦራቶሪያቸው፣ ያኔ የእኔ። «እንደገና እሠራታለሁ» አሉ። የክፍሉ ኃላፊ አባባ ሥራ ያስለመዱት ልጅ ስለነበር፣ ዐይኑን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ «እኔ ምንም አላየሁም» አለ።

እነዚያን ቀናት በምን ልቀይራቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የምመዝነውም የምቀዳውም እኔ ነኝ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በአፍንጫቸው ያዛሉ፤ «አሁን ቀንሺው፣ ሽታዋ ተለወጠ»፣ «አትቸኩዪ፣ ሙሽራ አይደለም የምትጠብቂው»። በመጨረሻ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ወደ ብርጭቆው ሥር ነጫጭ መርፌ የመሰለ ነገር መውረድ ጀመረ። አንዱን በጣታቸው ጫፍ ነክተው አሸተቱት። «ትመስላለች» አሉ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። ከወጣትነታቸው በኋላ አይተዋት አያውቁም ነበር። አሁንም አላዩዋትም።

እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ቁጥሩ እውነት ስሕተት ቢሆንስ? በዚያን ጊዜ ቴርሞሜትር፣ በወጣት ችኮላ የተለካ ቁጥር ነው። ያቺ የመጽሐፉ መስመር ከተሰረዘች ለአባባ ምን ይተርፋቸዋል? ለቆጣሪው ደወልኩለት። ሥራ አለብኝ፣ ምናምን ሲለኝ «ካልመጣህ እህት የለችህም» ብዬ ዘጋሁበት። መጣ፤ ልብሱ ተጨማዶ፣ እንደ ተከሳሽ በሩ ላይ ቆመ።

አባባ ፊታቸውን ወደ ኮቴው አዙረው «ደግ። የምታነበው አንተ ነህ» አሉት።

«እኔ አነባለሁ እንጂ» አልኩ።

«አንቺ ታዝኚልኛለሽ። አርባ ስምንት ሳይደርስ አርባ ስምንት ትዪኛለሽ። እሱ ያንብብ፤ የገዛ ቁጥሩ ስላለው አያደላልኝም።»

ልቤን አንብበዋት ነበር። ዱቄቷን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሞልቼ፣ ከቴርሞሜትሩ ጋር አስሬ፣ ዘይት የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩና እሳቱን ለኮስኩ። ቆጣሪው አጉሊ መነጽር ይዞ አጎነበሰ። አባባ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጥር ቁጥሩን ይሰማሉ። መቶ አሥር፤ ደረቅ። መቶ ሃያ፤ ደረቅ። መቶ ሠላሳ ሲል ድምፁ ቀጠነ።

«ሠላሳ አንድ» አለና ቆመ።

የቧንቧው ጠብታ ብቻ ይሰማል።

«ምን አየህ?» አሉ አባባ።

«ምንም። ደረቅ ነው።»

እኔ እሳቱን ቀነስኩት። መቶ አርባ አለፈ። አርባ አራት። አርባ ስድስት። «አርባ ሰባት፤ ጠርዟ ረጠበ» አለ ቆጣሪው። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ እንደ ልጅነቱ ሆነ። «አርባ ስምንት። ጠራች፣ አባባ። ውሃ ሆነች።»

አባባ መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉት፤ የማያዩበትን መነጽር። «ድገሙት» አሉ። ደገምነው። ያው ነው።

ቆጣሪው በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ለምን እንደሆነ አልገባኝም» አለ። «ድምሩን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።»

«ድምርህ ትክክል ነው» አሉት አባባ። ከስንት ዓመት በኋላ እጃቸውን ራሱ ላይ ጣል አደረጉ። «አንተ የቆጠርከው አንዱ ሰፈር ውስጥ ያለውን መንገድ ነው። ይቺ ግን ጎረቤት ሰፈሯን አጥብቃ ትይዛለች። ዳርና ዳሯ ላይ ያሉት አቶሞች የሌላይቱን እጅ ይይዛሉ። እነሱን ማላቀቅ ነው ተጨማሪ እሳት የሚጠይቀው። በሥዕልህ ላይ አይታይም።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቆጣሪው ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ በወፍራም እስኪሪብቶ ሥዕሉን እንደገና ሠራው፤ አሁን ሃያ ነጥብ። አባባ ስለማያዩ ጣታቸውን ይዞ በመስመሩ ላይ ወሰዳቸው። «እዚህ ድረስ መስመሩ ነው። አሁን ወደ ላይ እንውጣ። እዚህ እርስዎ ነዎት።»

«ብቻዬን ነኛ።»

«ብቻዎን ነዎት። ግን እርስዎ ሲገቡ መስመሩም እንደ ድሮው አልቆመም። ወደ እርስዎ አዘንብሏል፤ ሌሎቹም ትንሽ ትንሽ ራቁት።»

«አበላሸሁብህ?»

«በጣም» አለ ወንድሜ፣ እያለቀሰም እየሳቀም።

የሥራው ተቆጣጣሪ ፕሮፌሰር ምን ነካህ፣ አንዷን አውጣትና ያምራል ብሎት ነበር። ቆጣሪው «የለካኋት እኔ ነኝ» ብሎ ድርቅ አለ። ሥራው እንደዚያው፣ ከነጠማማ መስመሩ ታተመ። አባባም ከዚያ በኋላ ሰላም ያላቸውን ሁሉ ይዘው ስለ ነጥባቸውና ስለ መስመሩ መተረክ ያዙ፤ ፀጉር አስተካካዩን፣ ዳቦ ሻጯን፣ የታክሲ ሾፌሩን። ማንም ምን እንደሚያወሩ አይገባውም፤ እሳቸው ግን ይናገራሉ። እኔም «ኧረ አባባ፣ ሰዉ ይሰለቻል» እያልኩ እጎትታቸው ነበር። ዛሬ ያን ወሬያቸውን አንዴ ልስማው ብል የሚሰጠኝ የለም።

ሆስፒታል በተኙበት በመጨረሻው ሰሞን፣ አንድ ወጣት ሐኪም አልጋቸው ጋ ጎንበስ ብሎ «አባት፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። ትንፋሻቸው አጭር ነበር፤ እስኪያጠራቅሙት ጠበቅናቸው።

«የልጄን መስመር ያጣመምኩት እኔ ነኝ» አሉት።

ሐኪሙ ቃዥተው መስሎት ወደ እኛ ዞረ። ወንድሜ ከግርጌ ቆሞ የአባባን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዞ ነበር።

«እውነታቸውን ነው፣ ዶክተር» አለው።