የሚያቃጥለው ጠብታ

የእናቴ ግራ ዓይን የጠፋው ማናችንም ሳናውቅ ነው። የዓይን ግፊት አያምም፣ አይጮህም፤ እንደ ሌባ ነው፣ መግባቱ የሚታወቀው ዕቃ ከጎደለ በኋላ ነው። ሐኪሟ ቀኙን መርምረው «የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ያለውን የሚያቆይ ግን አለ» አሉና ጠብታ አዘዙላት። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ ላይ ክር የምታስገባው በዚያ በቀረው ዓይን ነበር።

አጨማመሩን ያሳዩት ለእኔ ነው፤ አብሬያት የምኖረው እኔ ነኛ! መጀመሪያ እጅ መታጠብ። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ አድርጋ፣ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣት ሳብ ሳደርገው ትንሽ ኪስ ይሠራል፤ አንዲት ጠብታ እዚያ ውስጥ። የብልቃጡ ጫፍ ዓይኗንም ሽፋሽፍቷንም እንዳይነካ። ከዚያ ዓይኗን ሳትጨምቅ በዝግታ ከድና፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ጫን አድርጎ መቆየት ነው፤ አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አንዴ፣ ማታ ስመለስ አንዴ እጨምርላት ነበር።

ጠብታው ያቃጥላል። እናቴ ገና ብልቃጡን ስታይ ፊቷ ይጨማደዳል። ጠብ ሳደርግላት ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ ትዘጋና መድኃኒቱ በጉንጯ ይወርዳል።

«እማዬ፣ አትጨምቂው!»

«በርበሬ ነው እንዴ የምትጨምሪብኝ፣ አንቺ ልጅ?»

«መድኃኒት ነው። ላንቺው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምን ለውጥ አመጣ?»

ደሜ የሚፈላው ይህን ስትል ነው። ትናንት ያየችውን ዛሬም ማየቷ ነው ለውጡ! ግን ባለበት የቆመን ነገር ማን ያመሰግነዋል?

ታላቅ ወንድሜን እናቴ «ወለላዬ» ነው የምትለው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እሱ መኪና ይደልላል፣ እኔ አጥባለሁ። እሱ ሲመቸው ብቅ ይላል፤ ብቅ ባለ ቁጥር ቤቱ ሰርግ ቤት ይሆናል። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ እሁድ መጣና የእናቴ ዓይን መቅላቱን አየ። የእኔ ጠብታ ትንሽ ያቀላል፤ ሐኪሟም ነግረውናል። እሱ ግን ከኪሱ ነጭ ብልቃጥ አወጣ። አቧራ ሲያስቸግረው መድኃኒት ቤት የሚሠራ ጓደኛው የሰጠው ነው። ራሱ ሲጠቀምበት የከረመውን፣ ከተከፈተ ስንት ጊዜ እንደሆነው የማይታወቀውን ጠብ ጠብ አደረገላት። አላቃጠላትም። በማግስቱ ዓይኗ ጥርት አለ።

«አየሽ? መድኃኒት ማለት ይኼ ነው» አለችኝ።

«ሐኪምሽን ሳንጠይቅ አይሆንም፣ እማዬ።»

«አንቺ ደግሞ! ወንድምሽ ክፉ ነገር ይሰጠኛል?»

ብልቃጡን ወስጄ ጣልኩት። የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ አምጥቶላት ኖሯል፤ ሲያልቅም ሌላ። እኔ ሥራ ስሄድ የእሱን ትጨምራለች፤ የእኔን በጉንጯ ታፈስሳለች። የቀጠሮዋ ቀን ሲደርስ ከሆቴሉ ፈቃድ ስለከለከሉኝ እሱ እንዲወስዳት ለመንኩት። ዓይኗ እንዲህ ጠርቶ ምን ሊያደርጉላት ነው ብሎ ምሳ ጋብዞ መለሳት። ማታ ስጠይቃቸው «ደህና ነው ተብሏል» አሉኝ፤ እናትና ልጅ ተባብረው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከወራት በኋላ እናቴ የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ስሕተት ታይቶባት አያውቅም። ውሎ አድሮ በሩ ተከፍቶ እያለ ከመቃኑ ጋር ተላተመች። እየጎተትኩ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። ግፊቱን ለክተው «ሌላ የምትጨምረው ነገር አለ?» አሉኝ። እናቴ መሬት መሬት አየች። ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩና ብልቃጡን ይዞ መጣ። ሐኪሟ እናቴን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ሁለታችንን አስገቡን።

«ስቴሮይድ ነው» አሉ፣ ጽሑፉን እያነበቡ። «መቅላቱን ያጠፋል። ያለ ክትትል ለወራት ሲጨመር ግን ግፊቱን ይሰቅለዋል። እንደ እሷ ላለ ሰው እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። አሁን የቀራት ብርሃንና ጨለማ መለየት ብቻ ነው።»

ወንድሜ ከክፍሉ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «አትንገሪያት። ይገድላታል።»

«እሷን ነው ወይስ አንተን?» አልኩት።

ቤት ገብተን እናቴ አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች «ያ የሚያቃጥል ነገር ነው ያጠፋኝ። ስነግርሽ ነበር» አለችኝ። ወንድሜ ግድግዳውን ያያል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልቻልኩም። ሐኪሟ እንዳሉት አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

እጇን ዘርግታ አየሩን ዳበሰች፤ የወንድሜን እጅ ስታገኝ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«እሱ ለደግ ብሎ ነው» አለች። «አንቺ ግን እያቃጠለኝ፣ እያየሽ ነው የምትጨምሪብኝ።»

ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የቀረችው ብርሃን እንዳትሄድ ጠብታው አይቋረጥም ተብሏል። ሰዓቱ ሲደርስ «ወለላዬ ይጨምርልኝ» አለች። ብልቃጡን ሰጠሁት፤ ያንኑ የእኔን። እጁን አልታጠበም። ጫፉን በጣቱ ጠረገና ከላይ ሆኖ ደጋግሞ አንጠባጠበባት። እናቴ ንቅንቅ አላለችም፤ ዓይኗን በልጥጣ ከፍታ ተቀበለችው።

«የልጄ እጅ አያቃጥልም» አለች።