ለኪዳኔ የሠራሁት ዓሣና ጎመን

ዓሣ አሠራር እኔን ማንም አያስተምረኝም። ስድስት ዓመት በካዚኖ ኪችን ውስጥ አትክልት ስከትፍ ሀብታሞቹ ምን እንደሚበሉ አይቻለሁ። ጥብስ የለ፣ ቁርጥ የለ። አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ ሎሚ፣ ከጎኑ ለጋ ቅጠል፣ በቃ! ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ሲደንሱ ያመሻሉ።

የእኔው ኪዳኔ ደግሞ ገና በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ያለከልክ ጀመር። ከኤርፖርት ሆቴል መንገደኛ ሲያመላልስ ይውልና ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ያለውን የቤታችንን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ኦቨርታይም በዛብኝ" ይለኛል። እኔ ሞኟ አመንኩት። ሥጋና ቅቤው ነው የጎዳው ብዬ ፍሪጁን አራገፍኩ። ከመጋቢት ጀምሮ በየቅዳሜው ገበሬዎቹ ከሚሸጡበት ገበያ ስፒናች፣ ቆስጣና ጎመን በእቅፍ ማምጣት ያዝኩ። ዓሣውን ጨው ነካ አድርጌ፣ ሎሚ ጨምቄበት ኦቨን እከተዋለሁ። ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት መለስ ቀለስ አድርጌ፣ ልምላሜው ሳይጠፋ አወጣዋለሁ።

"ሸዋዬ፣ ፍየል አደረግሽኝ እኮ!" ይለኛል እየሳቀ።

"ብላ! ፍየል ደም ግፊት የላትም" እለዋለሁ። እምቢ ካለ አጎርሰዋለሁ። በሞቴ ብዬው የማይበላው ነገር የለም።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ እራት ላይ፣ ሹካው ከእጁ ወደቀ። እየቀለደ መስሎኝ ቀና ስል አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

ሆስፒታል ስንደርስ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቷል አሉን። ዶክተሩ "መድኃኒቱን በትክክል ይወስድ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። የምን መድኃኒት? ልጃችን አርያም የኢንሹራንስ ካርዱን ልታመጣ መኪናው ጋ ሄዳ አንድ የክኒን ጠርሙስና የታጠፈ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አርያም እዚሁ ነው የተወለደችው፤ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ አነበበችልኝ።

"እማዬ፣ ይሄ ደም የሚያቀጥን ነው። የአባዬ ልብ ቢት በደንብ አያደርግም። እዚህ ይላል፣ ግሪን ቅጠል ድንገት ብዙ አትብላ። መድኃኒቱ አይሠራም ይላል።"

ስፒናችም ጎመንም በእስክሪብቶ ተከበዋል። ከግርጌው "አስተርጓሚ አልፈልግም ብሏል" የሚል ተጽፎበታል።

ይሄኔ ገባኝ። እዚህ ከተማ አስተርጓሚ ማለት ሐበሻ ነው፤ ሐበሻውን ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለህ። ኪዳኔ ወሬው ሸዋዬ ጆሮ ይደርሳል፣ ትደነግጥብኛለች ብሎ፣ ነርሷ ያለችውን ሁሉ "ኦኬ፣ ኦኬ" ብሎ ተቀብሎ ወጣ። አንድም አልገባውም። ወረቀቱንም አርያም ለእናቷ ትነግራለች ብሎ አላስነበባትም። እኔ እንዳልደነግጥ! ወይ ኪዳኔ፣ ምነው ደንግጬ በነበር!

ዶክተሩ ኪዳኔ ሁለት የደም ምርመራ ቀጠሮ እንደዘለለ አይቶ "ቅጠሉ ብቻ ነው ማለት አይቻልም" አለኝ። ለማጽናናት ነው። ያጎረስኩበትን እጅ እኔ አውቀዋለሁ። ይቆረጥ እንዳልል እሱን የሚያበላው ሌላ እጅ የለም።

በሰኔ ቤት ገባ። ቀኝ ጎኑ በድን ሆኗል፤ ቃል ሲወጣው ላብ ያጠምቀዋል። አርያምን "የጎመኑን ነገር ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብዬ አስማልኳት። አሁን ዓሣውን በዙኪኒና በካሮት ነው የምሠራለት። ትናንት ሳጎርሰው ሳህኑን ትክ ብሎ አየ።

"ጎ... መን?"

"ከገበያ ጠፋ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በደህናው እጁ እጄን ያዘና አፉ ላይ አድርጎ ሳመው። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ እንባው በተጣመመው ጉንጩ እየወረደ፣ "ያ... ጎመንሽ... ነው... ያተረፈኝ" አለኝ።

አዎ አልኩት። ምን ልበለው? "አዎ፣ እሱ ነው። በል ብላ" ብዬ አጎረስኩት።