ሰባት ቁጥር

አስጎብኚው ጎብኚዎቹን ይዞ ወደ ጠባቧ መንገድ ሲታጠፍ የልብስ ሰፊዋ መስኮት እንደ ወትሮው ተዘግቶ ነበር። ከጀርባው የስፌት መኪናዋ ይንቀጫቀጫል። ጉብኝት በመጣ ቁጥር መስኮቷን ዘግታ መስፋት ነው፤ ምን ታድርግ፣ የሞተ ባሏ በየቀኑ ደጃፏ ላይ ሲወገዝ ከመስማት ይሻላል። የሚያወግዘው ደግሞ ይኸው አስጎብኚ፣ ግድግዳ የምትጋራት የጎረቤቷ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ምላሱን አይቶ «አፈ ጉባኤው» የሚለው።

የሚያወራው እውነት ነው። በዚያ ክፉ ዘመን ሰውየው የጎረቤቶቹን ስም ለወታደሮች አቀብሏል። ተወስደው ከቀሩት አንዱ የአስጎብኚው አባት ነው። ከዚያ ወዲህ እናቱና ልብስ ሰፊዋ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። ጉብኝቱ ሰባት ቁጥር፣ የልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሳያውቀው ይሻክራል፤ ጎብኚዎችም ከሁሉ ያቺን ቦታ ይወዷታል። እሱም ቢሆን ይወዳታል።

ዛሬ ጠዋት ግን ጫማውን ሲያስር እናቱ ፊቱ ቆመች።

«የጎረቤታችን ልጅ አማት የሚሆነው ሰው ዛሬ ካንተ ጋር ነው የሚዞረው። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ነው አለችኝ ልጅቷ፣ እያለቀሰች። ከሰዓት ለሽምግልና ቤታቸው ሊመጡ ነው፤ ቀደም ብሎ ሰፈሩን ልየው ብሎ ነው።»

«እና?»

«እናማ ያንን ቤት እለፈው።»

«እኔ ነኝ ስም ያቀበልኩት?»

«እሷስ ናት? ያኔ መች ተወለደችና። ተው ልጄ፣ ለእኔ ስትል።»

ለእኔ ስትል ማለት የማትወድ ሴት ናት። ስለዚህ እያረረ እሺ አለ።

ስድስት ቁጥር፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት ጋ፣ ወሬውን ሆን ብሎ አስረዘመ። ከዚያ እያሳሳቀ ወደ ስምንት ቁጥር ሊሻገር ሲል ባለ ባርኔጣው የጉብኝቱን ካርታ ዘረጋ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰባትን ዘለልናት መሰለኝ። የጆሮ ጠቢው ቤት ይላል። የቱ ነው?»

ሁሉም ቆሙ። ካርታው ላይ ቁጥሯ የተጻፈችው ሁለቱ ቤቶች በሚጋሩት ግድግዳ ላይ ነበር። በግራ የተዘጋው መስኮት፤ በቀኝ እናቱ ደጃፏ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እጁን አነሳ፤ እጁም ወደ ቀኝ ሄደ።

ስልኮች ወደ እናቱ ዞሩ። አሁን ማውራት ነበረበት፤ አፉ ላይ ያለው ደግሞ የለመደው ብቻ ነው። «እዚህ ቤት ይኖር የነበረው ሰው፣ አብረውት የበሉ የጠጡ ጎረቤቶቹን አሳልፎ ሰጠ» አለ። ድምፁ ዛሬም ሻከረ። አባቱን እየሰደበ እንደሆነ የገባው መሃል ላይ ሲደርስ ነው፤ ግን አላቆመም።

የእናቱ ጣቶች ሰፌዱ ላይ ቀጥ አሉ።

ባለ ባርኔጣው ጠጋ አላት። «እናቴ፣ ሰውየው ምንዎ ነበር?»

ልጇን አየችው። ውሸት ነው ብሎ መጮህ ፈለገ፤ አልቻለም፤ በልቡ መሬት ዋጪኝ አለ።

«ባሌ ነበር» አለች።

ሰውየው ወደ ኋላ ራቅ አለ። አንዷ ጎብኚ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለ ሰውየው፣ የተዘጋውን መስኮት እያሳየ።

ለአፈ ጉባኤው የቀረችው የአባቱ ታሪክ ብቻ ነበረች፤ እሷን እዚያ ቤት ላይ እንዴት ብሎ ይለጥፋት?

«እሱማ የሰርግ ቤት ነው» አለች እናቱ፣ ወደ ምስሯ ተመልሳ።

የስፌት መኪናው ድምፅ መቼ እንደቆመ ማንም ልብ አላለም። መስኮቱ ተንቋቋና ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ፣ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ባለ ባርኔጣውን አየችው፤ ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

እናቱ ቀና አላለችም።

«ዝጊው» አለቻት፣ «ብርድ ይገባብሻል።»

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።