ከአንድ ወገን የተለካ ልብ

«በቃ ጨርሰናል፣ እማማ። ይጥረጉና ይነሡ» አለ የልብ አልትራሳውንድ አንሺው፣ አንድ ጭብጥ የመጥረጊያ ወረቀት ደረቷ ላይ ጣል አድርጎ።

አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ወረቀቱን አልነካችውም። የቀባት ቀዝቃዛ ቅባት እንደ ቀንድ አውጣ ልጋግ ወደ ብብቷ ይወርዳል። ሰውየው በአንድ እጁ መለኪያውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ነበር የሠራው። ጣቶቹ የላጠውን ብርቱካን ይሸታሉ።

በሩ ሥር የቆመችው ልጇ ውጤቱን ጠየቀችው። የልቧ ጉልበት ከመቶ ስድሳ ነው፣ ደህና ነው አላት፤ በጠበበው የልቧ በር፣ በቫልቩ ላይ ያለው ግፊትም ካምናው አርባ ስምንት ወደ ሠላሳ አንድ ወርዷል። ከአርባ በታች ከሆነ ሐኪሞቹ ለቀዶ ጥገና አይቸኩሉም፤ ለከርሞ ትመለስ። ልጅቱ ተመስገን አለች። ባለፈው ሳምንት እናቷን ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ከወደቀችበት ያነሣቻት እሷው ነበረች።

«ምኑን ነው የምታመሰግኚው?» አለቻት አሮጊቷ።

«ተሻሽሏል እኮ ነው የሚለው፣ እማ።»

«የዛገ የበር ማጠፊያ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ይለሰልሳል?»

አምና የለካቻት ባለሙያ በግራ ጎኗ አስተኝታ፣ መልሳ በቀኝ አገላብጣ፣ መለኪያውን አንገቷ ሥር ድረስ ወስዳ፣ ትንፋሿን አስይዛ ነው ግፊቱን የፈለገችው። ትልቁ ቁጥር የተገኘው በቀኝ በኩል ነበር። አንዳንዱ ቫልቭ እንዲህ ነው፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ካዩት ይሸውዳል ብላትም ነበር። ይሄኛው ግን በጀርባዋ እንደተንጋለለች አንዴ ነካ አድርጎ ይነሡ አለ።

አሮጊቷ ፊደል አልቆጠረችም። አርባ ዓመት ሙሉ ግን የሰው ወገብ ለክታለች። ደንበኛውን ካፖርቱን ሳያስወልቅ የሚለካ ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበራት፤ ለሰላምታ እንኳ ትጸየፈው ነበር። የዚያ ሰው ጥፋት ቢበዛ ስፌት ነው የሚተረትረው።

«በቀኝ ጎኔ ለካኸኝ?»

«አያስፈልግም፣ እማማ። እኔ በቀን ሠላሳ ሰው አያለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ የምታየው አንዱንም አላየህ።»

ልጅቱ በእፍረት ተቁነጠነጠች። ውጭ ወረፋ አለ፣ ሰው ይጠብቃል፣ ባይሆን ሌላ ቀን እንመጣለን እያለች የእናቷን ሹራብ ዘረጋችላት።

«ሌላ ቀንማ ደረጃው ይቀድመኛል» አለች እናት። «ሹራቤን መልሰሽ ስቀይው።»

ወረቀቱን ወለሉ ላይ ጣለችው። እያለከለከች በቀኝ ጎኗ ዞረች፣ ፊቷን ለግድግዳው ሰጠች፣ ያቺ ባለሙያ አምና እንዳሳየቻት ቀኝ ክንዷን ከራሷ በላይ ሰቀለች።

«ቅባት ጨምር» አለች ለግድግዳው።

ከኋላዋ የሰውየው ስልክ ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ጠረጴዛው ላይ ዝም አለ። ከዚያ ቅባቱ የጎድን አጥንቷ ላይ ቀዘቀዛት፤ ሳትታዘዝ ትንፋሿን ያዘች።